«አምልጦኝ ነው» ለሹም ብቻ ነው እንዴ?

ሹሙ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝብ ይሰድባል። ጭብጨባው በርዶ ነገር ሲከር፣ «አምልጦኝ ነው» ይላል። ጉድ እኮ ነው! ምኑ ነው ያመለጠው? በግ ነው ወይስ ወፍ? ሰው ሆዱ ውስጥ የሌለ ነገር ከአፉ ያመልጠዋል እንዴ?

እርግጥ ነው፣ ምላስ አጥንት የለውም። የተናደደ ወይም የደነገጠ ሰው ያላሰበውን ይዘላብዳል። እዚያው አፉን ይዞ «ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ» ካለ ማን ይቀየመዋል? የኛዎቹ ግን «ቃሌ ተጣሞ ነው» እያሉ ጥፋቱን በሰሚው ጆሮ ያሳብባሉ።

የግብፆቹን ጉድ አንርሳ። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. የዓባይ ፍሰት አቅጣጫ ተቀየረ። ግንቦት 26 ፕሬዚዳንት ሙርሲ የካይሮን ፖለቲከኞች ሰበሰቡ። ተሰብሳቢዎቹ ወሬያቸው በቀጥታ በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ አላወቁም። አንዱ የኢትዮጵያን አማፅያን እንደግፍ አለ፤ ሌላው ደግሞ የጦር አውሮፕላን ልንገዛ ነው ብለን እናስወራ አለ። በኋላ የፕሬዚዳንቱ ረዳት ይቅርታ ጠየቁ። ስለምን መሰላችሁ? ስብሰባው በቀጥታ እንደሚተላለፍ ለተሰብሳቢዎቹ ባለመንገራቸው!

ያኔ እኛ «አምልጧቸው ነው» ብለን አለፍናቸው? አላለፍንም። የሆዳቸውን አወጡት አልን። መንግሥትም አምባሳደራቸውን ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ። ደግ አደረገ! ታዲያ ለካይሮ የሠራው ሚዛን አዲስ አበባ ሲደርስ ለምን ይሰበራል?

ለተራው ሰውማ ሕግ አለለት። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ደንግጓል። እስቲ የታክሲ ረዳቱ ወይም ጋዜጠኛው ፖሊስ ጣቢያ ቆሞ «አምልጦኝ ነው» ይበል! «እሱን ለዳኛው ትነግራለህ» ነው መልሱ።

ጎበዝ! የረዳቱ ስድብ ከታክሲዋ አይወርድም። የሹም ቃል ግን በማይክራፎን ቀበሌ ድረስ ይወርዳል፤ የበታቹም እንደ ትእዛዝ ይሰማዋል። ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋጨው፣ ሰው ከቀዬው የሚፈናቀለው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በማን አፍ ላይ ነው ልጓም መጥበቅ የነበረበት?

አበው «የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፤ የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል?» ብለው ጠይቀዋል። ለሹም መልሱ ቀላል ነው፦ በተሳደበበት መድረክ፣ በዚያው ማይክራፎን ይቅርታ ይጠይቅ። ከደገመው ወንበሩን ይልቀቅ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዳሻው ያምልጠው!