ተመልሰው የተመለሱ ሰዎች

ሰሞኑን የንስሐ ጸሎት ያላወጀ ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ከባድ ነው። ሦስት ቀን እንጾማለን፣ ምንጣፍ ላይ ተደፍተን እናለቅሳለን፣ ሰኞ ወደ ሥራችን እንገባለን። ጸሎቱን አልቃወምም፤ እኔም ብዙ ጊዜ መርቻለሁ። የምቃወመው ሰኞ ዕለት በማንም ላይ ምንም የማይለውጥ ንስሐን ነው።

እባካችሁ ኤርምያስ 34ን አንብቡ። በየመድረኩ ብዙ የማይሰበክ ምዕራፍ ነው፤ ለምን እንደማይሰበክ ስታነቡት ይገባችኋል።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 588 ዓመት ገደማ ነው። የናቡከደነፆር ሠራዊት ኢየሩሳሌምን እየወጋ ነው፤ ከይሁዳ ምሽጎች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ ናቸው። በዚህ ጭንቅ ንጉሥ ሴዴቅያስና ሕዝቡ ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን ነጻ ሊያወጡ ቃል ኪዳን ገቡ። ነገሩ አዲስ አልነበረም። ባሪያው ስድስት ዓመት አገልግሎ በሰባተኛው እንዲወጣ፣ ያውም ባዶ እጁን እንዳይሄድ፣ በዘዳግም 15 ታዝዟል። አባቶች አልሰሙም፤ እነዚህ ሰሙ። ጥጃ ለሁለት ቆርጠው በመካከሉ አለፉ፣ ባሪያዎቹም ወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እግዚአብሔር ያንን ንስሐ ውሸት ነው አላለም። በፊቱ ቅን ነገር እንዳደረጉ ራሱ መሰከረላቸው (ቁ. 15)።

ከዚያ የፈርዖን ሠራዊት ከግብፅ ወጣ የሚል ወሬ መጣ፤ ከለዳውያን ከበባውን ትተው ሄዱ (37፥5)። ከተማዋ ተነፈሰች። ጌቶቹም የለቀቋቸውን ወንዶችና ሴቶች እየለቀሙ እንደገና ባሪያ አደረጓቸው።

ዕብራይስጡ “ሹብ” የሚለውን ግስ እየደጋገመ ይጠቀማል፤ የእኛው “ተመለሰ” ማለት ነው። በቁጥር 15 ሕዝቡ ወደ ጌታ ተመለሱ። በቁጥር 16 ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ባሪያዎቹንም መለሱ። በቁጥር 22 እግዚአብሔር የባቢሎንን ሠራዊት ወደ ከተማይቱ እንደሚመልስ ተናገረ። ለድሆች የነፈጉትን አርነት እርሱ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለረሃብ አወጀ። ብዙም ሳይቆይ ኢየሩሳሌም ተቃጠለች።

“ይህ ብሉይ ኪዳን ነው፣ እኛ በጸጋ ነን” የሚሉ አገልጋዮች አሉ። ጸጋን እኔም እሰብካለሁ፤ በጸጋ ባይሆን ኖሮ ዛሬ አልቆምም ነበር። ነገር ግን ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ የጻፈው ሐዋርያው ያዕቆብ ነው (5፥4)። ዘኬዎስም ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ የተናገረው ስለ ገንዘቡ ነበር፤ ስለ ስሜቱ አንድም ቃል አልወጣውም።

ታዲያ የእኛ ንስሐ ስለ አገር ኃጢአትና ስለ ትውልድ መርገም ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው? የቤት ሠራተኛችን ደመወዝ ካልተከፈለ ስንት ወር ሆነው? ወላጆቹ የተዉትን ቤት ከእህቱ ነጥቆ የያዘ ሰው፣ እዚያው ቤት ሳሎን ውስጥ የጸሎት ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ማነው የሚጠይቀው? የሴዴቅያስ ሰዎች ቢያንስ ባሪያዎቹን ለቀው ነበር። እኛ ገና ለቅሶው ላይ ነን።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ አላወጣሁም። በእኛ ቤት የምትሠራው ልጅ፣ ለእኔ እንግዶች ምሳ ስታበስል ስንት እሁድ ከአምልኮ ቀርታለች። ይህንን ምዕራፍ ሳዘጋጅ ቡና ይዛልኝ ገባች፤ ቀና ብዬ ላያት አቃተኝ። እኔና ባለቤቴ ይቅርታ ጠየቅናት፤ እሁድ ሙሉ ቀን የራስሽ ነው አልናት። ሁለት ወር ሄደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከክፍለ ሀገር አገልጋዮች እንደሚመጡ ተደወለልኝና ወደ ማድ ቤት ሄጄ “የነገን ብቻ” ልላት አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ አየችኝ። በማግስቱ እንጀራውን ከሱቅ ገዛን፣ ሽሮውን ሁለታችን ሠራነው፤ እንግዶቹም በሉ።