«አተኩሪ» ሲባል ምን ላይ?



የልጅ ልጄን ወደ ዋና ልምምድ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ወላጆቿ ሥራ ይውላሉ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ እናም በሳምንት ሦስት ቀን ፎጣ ታቅፌ ገንዳው ዳር እቀመጣለሁ። ከጎኔ ካሉት ወላጆች የምሰማው ሁሌ አንድ ነው፤ «አተኩሪ! በርቺ! ፍጠኚ!» ጭንቅላቷ ውኃ ውስጥ ያለ ልጅ ይህን አትሰማም። ብትሰማም ምን ማድረግ እንዳለባት አልተነገራትም።

አሠልጣኛቸው ገና ወጣት ነው፤ ግን ነገሩ ገብቶታል። በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አያዛቸውም። አንድ ቀን ግድግዳውን ገፍተው ሲወጡ ሰውነታቸውን ቀጥ ማድረግ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ 25 ሜትሩን በስንት ቀዘፋ እንዳቋረጡ ቆጥረው ይነግሩታል። ቀዘፋዋን የምትቆጥር ልጅ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አትችልም። ቁጥሩ ድንገት ሲጨምር ወይ ደክሟታል፣ ወይ ሐሳቧ ሄዷል፤ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ጩኸት አያስፈልግም።

ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማይክል ፌልፕስ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ የ200 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ ፍጻሜ ላይ መነጽሩ ውኃ ገባበትና ግድግዳው አልታይ አለው። ቀዘፋውን እየቆጠረ ጨረሰ። በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። አሠልጣኙ ቦብ ቦውማን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው እንዳይደናገጥ ቀደም ሲል ሆን ብሎ መነጽሩን አበላሽቶበት ያውቃል። ደግሞ ይህ ሰው በ9 ዓመቱ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር እንዳለበት በሐኪም የተነገረው ልጅ ነበር። መጀመሪያ ፊቱን ውኃ ውስጥ መንከር ስለሚፈራ በጀርባው ነው ዋና የተማረው። «የኔ ልጅ አንድ ቦታ አይረጋም» ለምትሉኝ እናቶች ይህን እነግራለሁ።

ስለ ብርታት ደግሞ ላንሳ። ብዙ ወላጅ ልጁ ከገንዳ ሲወጣ ካልተንገዳገደ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። በሙሉ ኃይል የሚዋኝ ርቀት አጭር መሆን አለበት፤ ከዚያም በቂ ዕረፍት። ሁሉም ዙር በጥድፊያ ከሆነ ሁሉም ዙር መካከለኛ ይሆናል፣ አቋቋሙም ይበላሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በየዙሩ መካከል ያለው ዕረፍት ረዘም ማለት አለበት። ከአዳማ ወይም ከዚያ ዝቅ ካለ አገር ለውድድር የመጣ ልጅ ቶሎ ቢያለከልክ ሰነፍ አትበሉት።

አሁን ሲስተር ሆኜ ልናገር። ባለፈው ወር ትልልቆቹ ልጆች ከልምምድ በኋላ «ውኃ ሥር ማን ይቆያል?» እየተባባሉ ሲወዳደሩ አየሁ። ከመጥለቃቸው በፊት ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል ይተነፍሳሉ። አንድ አባት «ጎበዝ፣ ሳንባው ይጠንክር!» እያሉ ሰዓት ይይዙላቸዋል። ተነሥቼ አስቆምኳቸው፤ ሰውዬው ቅር አላቸው፣ ይሁን።

«ተንፍስ፣ ተንፍስ» እያለ የሚያስጨንቀን በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደም ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ልጁ አስቀድሞ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ይጨርሰዋል፤ ኦክስጅኑ ግን ያን ያህል አይጨምርም። ስለዚህ ውኃ ሥር ሆኖ ማስጠንቀቂያው ሳይደርሰው ኦክስጅኑ ያልቅና ራሱን ይስታል። አይጮኽም፣ አይንፈራገጥም። ዳር ላለ ሰው ጎበዝ ሆኖ የቆየ ይመስላል። ደግሞ ይህ የሚደርሰው መዋኘት በማይችሉት ላይ ብቻ አይደለም፤ ጎበዞቹንም ይወስዳል።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ወዲያው ከውኃ አውጡት፣ ሰው ጥሩ። ሆዱን ተጭኖ ወይም ዘቅዝቆ ውኃ ለማስወጣት መታገል ጊዜ ማባከን ነው። የማይተነፍስ ከሆነ መጀመሪያ በአፍ ትንፋሽ ስጡት፣ ከዚያ ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠቱን እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ልጁን ለክለብ ያስመዘገበ ወላጅ ይህን ከሠለጠነ ሰው በእጁ ሠርቶ ቢማር ደስ ይለኛል።

ወደ ውድድሩ ልመለስ። ተራው ሲደርስ እጁ የሚቀዘቅዝ፣ ልቡ የሚመታ፣ ሦስቴ ሽንት ቤት የሚመላለስ ልጅ ፈሪ አይደለም። ሰውነቱ እየተዘጋጀ ነው፤ ይህንኑ ንገሩት። አየሩን ቀስ ብሎ፣ ከሳበበት ጊዜ አስረዝሞ ያውጣው። ያቺን የለመዳትን አንድ ነገር አስታውሱትና ዝም በሉ፤ በዚያች ሰዓት ሦስት ምክር የሚሸከም ጭንቅላት የለም። ከወጣ በኋላም «ስንተኛ ወጣህ?» አይቅደም፤ ፎጣው ይቅደም፣ ከዚያ «ቀዘፋህ ስንት ነበር?» በሉት።

ቁርሱን በተመለከተ አንዳንድ አያቶች፣ እኔ ጭምር፣ ሳናጠግብ አንለቅም። ከውድድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት ዳቦና ሙዝ ይበቃዋል። ቅቤ የበዛበት ጨጨብሳ ለማታ ይቆይ።