አስር ወይስ 9.78?

የፊዚክስና የምህንድስና ተማሪዎች አንድ ረከቦት ከበው በሰላም ቡና ይጠጣሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ወደ ነቀምቴ ብቅ ይበል። ባለፈው ሰሞን ጠብ ያነሣው የሚፈላው ውሃ ነበር። ቴርሞሜትሩ 93 ዲግሪ ላይ ቢቆም መሐንዲሱ «ተበላሽቷል!» አለ። የፊዚክሱ ተማሪ ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች የአየሩ ግፊት እንደሚያንስ፣ ውሃውም ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ በስሌት ያስረዳ ጀመር። ስሌቱ ሳያልቅ መሐንዲሱ ቡናውን ቀድቶ ጠጣ።

ቀጥሎ የመሬት ስበት ተነሣ። መጽሐፎቻችን 9.81 ይላሉ፤ ይህ ከምድር ወገብ ለራቁ አገሮች የሚስማማ ቁጥር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብና በደጋ ስላለን የኛው 9.78 ያህል ነው። መሐንዲሶቹ ግን «አስር በሉትና እንገላገል» ይላሉ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚመሰገኑበትም የሚወቀሱበትም አለ። ድልድይ የሚሠራ ሰው አስር ቢል ሸክሙን አብዝቶ ይገምታልና ጥንቃቄ ነው። ያው አስር ወደ ፊንጫ ሲሄድ ግን ምኞት ይሆናል፤ 134 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ጣቢያ በወረቀት ላይ 3 ሜጋ ዋት ይጨምራል፤ በዚያ ጭማሪ ግን አንዲት አምፑል አትበራም።

የፊዚክሱም ወገን አይኩራ። ፔንዱለም አወዛውዞ 9.6 ያገኘ ተማሪ፣ ማታ ሪፖርቱን ሲጽፍ 9.81 ብሎ እንደሚያሳምረው እናውቃለን፤ ከእኛም መካከል ያላደረገው ጥቂት ነው። መሐንዲሱ አስር ሲል ማጠጋጋቱን አይደብቅም፤ ይህኛው ግን ያላየውን አየሁ ብሏል። ያውም የጻፈው የነቀምቴን ስበት ሳይሆን የሌላ አገር ስበት ነው!

ወደ ማርስ የተላከች የአሜሪካ መንኮራኩር በ1992 ዓ.ም. መስከረም ወር የጠፋችው ከነጥብ በኋላ ያለው አኃዝ ስላነሰ አልነበረም። አንዱ ቡድን ኃይልን በፓውንድ ሲያሰላ ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ስለ ተቀበለ እንጂ። የጎደለው መነጋገር ነበር።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። የፊዚክስ ተማሪዎች ሆይ፣ የለካችሁትን ከነስሕተት ወሰኑ ጻፉ፤ መምህራኖቻችንም ከመጽሐፉ ጋር ለገጠመው ቁጥር ሳይሆን በሐቅ ለተለካው ማርክ ይስጡ። መሐንዲሶች ሆይ፣ የት ላይ እንዳጠጋጋችሁና ለምን እንደሆነ አስታውቁ።

ቡናውን ግን መሐንዲሱ ይቅዳ፤ የፊዚክሱን ስሌት ከጠበቅን ይቀዘቅዛል።