ቮልስ ያላችሁ፣ የማሞቂያውን ሳጥን ዛሬውኑ አስፈትሹ!

በብርዳማ ጠዋት ቮልስ አልነሳ ሲል የምናደርገውን እናውቀዋለን። ከቆርቆሮ ጋራዡ ሳናወጣው ቁልፉን ደጋግመን እናዞራለን፤ ከተነሳ በኋላም እንዳይጠፋብን ነዳጅ እየሰጠን እናሞቀዋለን። ትምህርት ቤት የሚረፍድባቸው ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ለብርዱ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ማሞቂያው ተከፍቷል። እባካችሁ፣ ይህ ልማድ ሰው ይገድላል!

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውሃ አይደለም። ፋኑ የሚነፋው አየር የጭስ ቱቦውን በከበቡት ሁለት የቆርቆሮ ሳጥኖች ውስጥ ያልፍና ሞቆ እግራችን ሥር ይወጣል። ጭሱን ከምንተነፍሰው አየር የሚለየው ስስ ብረት ብቻ ነው፤ እሱም አርባና ሃምሳ ዓመት ሲዝግ የኖረ። ብረቱ ከተበሳ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ፣ ጭሱ መኪናው ውስጥ ይገባል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ከሌለም፣ ፋኑ ከሥር የሚሾልከውን ጭስ ስቦ ወደ ውስጥ ይነፋዋል። ብዙ ቮልሶች ላይ ይህ ማሸጊያ አንዴ ከወለቀ አይመለስም።

በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙትን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ያዞራል፤ እኛ ግን «ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው» እንላለን።

የመኪናው አልነሳ ማለትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ቾኩ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ ይብሳል። ቤንዚን ሲበዛ መርዙም ይበዛል። ስለዚህ ባትሪ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ካንዴላውን ፍቱና እዩ፤ ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ ካርቡራተሩን አስተካክሉ። የቫልቮላውንም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ አስለኩ፤ በአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከጠበበ ሞተሩ እመቃ ያጣል፣ ቫልቮላውም ይቃጠላል።

የማሞቂያው ሳጥን ፍተሻ ደጅ ላይ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ይሁን። በቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና ውሃ ርጩና ሞተሩን አስነሱ፤ አረፋ ከተነሳ ጭስ ያፈሳል። በመጋጠሚያው ዙሪያ ያለ ጥቁር መስመርም ምልክት ነው። የተበሳውን ሳጥን መካኒኩ «በብየዳ ልለጥፈው» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፣ ይቀየር። እስኪቀየር ድረስ ሰው አትጫኑበት።

ሰው ከደከመባችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ወተት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው።

ነገ ጠዋት ቮልሱን ገፍታችሁ ደጅ አውጡት፤ ልጆቹ ሳይገቡ እዚያው አስነሱት።