ሌሊቱ የእናት ብቻ አይደለም

ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ከሁለታችሁ የሚነሣው ማን ነው? ጨቅላ ልጅ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ነቅቶ መጥባቱ የጤና ነው፤ ቅብጠት አይደለም። ቀንና ሌሊትን መለየት የሚጀምረውም ቀስ በቀስ፣ ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ነው። እስከዚያው ሌሊት መብራቱን አደብዝዙ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ እንቅልፍ ሲጫጫነው፣ ገና ሳያሸልብ፣ በጀርባው አስተኙት።

አባት ሆይ፣ ማጥባት ባትችል እንኳ ማስገሳት፣ ሽንት ጨርቅ መቀየር፣ እሹሩሩ ማለት ትችላለህ። “ነገ ሥራ አለብኝ” ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳ ስታዞር፣ ሚስትህ በጨለማው ውስጥ ምን እንደሚሰማት አስበህ ታውቃለህ? ልጁ ይህን ጊዜ አያስታውሰውም፤ እርሷ ግን አትረሳውም። ዛሬ ሌሊት ቀድመሃት ተነሣ።