በመኖሪያ ቤት ፕላን ላይ ስለሚጻፍ ሐሰተኛ ልክ

ቤት መሥራት በአገራችን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ካጠራቀመው ጥሪት አብዛኛውን የሚያፈስበት፣ ከልጆቹም አልፎ ለልጅ ልጆቹ የሚተርፍ ታላቅ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ የዚህ ሁሉ ድካም መነሻ የሆነው ፕላን ግን በጥድፊያ ተነድፎ፣ ሕፀፁ ሳይታረም ተሸፍኖ፣ በማኅተም ጸድቆ ወደ ግንበኛው እጅ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስሕተት በሰው ሥራ ሁሉ ያለ ነውና ነዳፊው ተሳሳተ ብሎ የሚፈርድበት አይኖርም፤ ነገር ግን ስሕተቱ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ታይቶ፣ ነዳፊውም አውቆት፣ በጥቂት ሰዓት ሥራ ሊታረም ሲቻል በሐሰተኛ ቁጥር መሸፈኑ በዝምታ ሊታለፍ የማይገባው ነውር ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ የምቃወመው ይህንኑ ልማድ ነው።

ነዳፊዎች በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ይሠሩ በነበረበት ዘመን መስመሩን የሚያሰምረውም፣ ልኩን የሚጽፈውም ያው የሰው እጅ ስለ ነበረ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢፈጠር ቶሎ የሚመሰክር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 ኦቶካድ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም ለገበያ ከቀረበና እየዳበረ ከሄደ ወዲህ ግን ነዳፊው ሁለት ነጥቦችን ባመለከተ ጊዜ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ፕሮግራሙ ራሱ ለክቶ የሚጽፍ ሆነ፤ በዚህም ቁጥሩ ለመስመሩ የታመነ ምስክር ለመሆን በቃ። ይኸው ፕሮግራም ግን ነዳፊው የተለካውን ቁጥር ሰርዞ የወደደውን በቦታው እንዲተካ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ መከራውም የሚጀምረው ከዚህ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ ከሁለት ዓመትም በኋላ የኦቶካድ ባለቤት የሆነው ኦቶዴስክ የገዛው ሬቪት የተባለው ሌላ የንድፍ ፕሮግራም ግን በልክ ቦታ ላይ ሌላ አኃዝ ለመተካት ሲሞከር አይቀበልም፤ ቃል ጻፍ እንጂ ቁጥር አትጻፍ ብሎ ይመልሳል። ብዙ ነዳፊዎች ይህን ክልከላ እንደ አስቸጋሪ ነገር ቆጥረው ሲያማርሩ ይሰማል፤ እኔ ግን የፕሮግራሙ ሠሪዎች ካሰቡት ነገር ሁሉ እጅግ የቀናው ይህ ነው እላለሁ።

ነዳፊው ወደዚህ ፈተና የሚገባበትን መንገድ አስቀድሞ ማየት ይገባል። ፕሮግራሞቹ ከውጭ ሲመጡ ዝግጁ ግድግዳዎችን ይዘው ይመጣሉ፤ ከእነዚህም መካከል የአሜሪካ የእንጨት ቤት ግድግዳ ይገኛል፤ የውስጥ ግድግዳው ከነሽፋኑ ውፍረቱ ከ11 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የእኛ ግንበኛ ግን የሚገነባው በብሎኬት ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት በሁለቱም ፊት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ልስን ሲጨመርበት 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ነዳፊው ይህን ሳያስተውል ሦስት የውስጥ ግድግዳዎች የሚቆሙበትን ቤት በተዘጋጀው ግድግዳ ነድፎ ከጨረሰ በኋላ፣ ፎርማኑ ወይም መሐንዲሱ ብሎኬቱን ሲያስታውሰው ግድግዳዎቹን ይለውጣል፤ በዚያን ጊዜ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ከክፍሎቹ ላይ ይቀነሳል፤ 1 ሜትር ከ50 እንዲሆን የታሰበው መታጠቢያ ቤትም 1 ሜትር ከ40 ሳይሞላ ይቀራል። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ግድግዳውን ብሎኬቱንና ልስኑን ለይቶ እንደገና አዘጋጅቶ፣ የትኛው ክፍል ለየትኛው ቦታ እንደሚለቅ ከባለቤቱ ጋር መመካከር ነው። ሁለተኛው 1.39 የሚለውን ቁጥር ሰርዞ 1.50 ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ ነዳፊውን በደቂቃ ይገላግለዋል፤ ገንዳው ተገዝቶ ሲመጣ ግን ግድግዳውን የሚፈነቅለው ባለቤቱ ነው።

የደረጃው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት 17 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 18 እርከኖች ያስፈልጉታል። ለደረጃው የተተወው ቦታ ጠቦ 16 እርከን ብቻ የሚይዝ ሲሆን ፕሮግራሙ ደረጃው ከላይኛው ወለል እንዳልደረሰ በማስጠንቀቂያ ይናገራል፤ ነዳፊው ግን ማስጠንቀቂያውን ዘግቶ፣ ደረጃውን በኤክስፕሎድ ትእዛዝ በታትኖ ተራ መስመር ካደረገው በኋላ 17 የሚለውን ቁጥር እንደ ወረደ ይጽፍበታል። አሥራ ስድስቱ እርከኖች በ17 ቢባዙ 2 ሜትር ከ72 ናቸው፤ ከላይ 34 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። አናጢው ሳጥኑን መቶ፣ ፌሮው ታስሮ፣ አርማታው ሊሞላ ሲል ጉድለቱ በሜትር ይገለጣል፤ ፎርማኑም ያገኘውን ከፍታ በ16 አካፍሎ እያንዳንዱን እርከን ከ19 ሴንቲ ሜትር በላይ ያደርገዋል። በዚያ ደረጃ ላይ ጉልበቷ የደከመ እናት በየቀኑ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ማስጠንቀቂያው በተሰማበት ቀን ደረጃው በመካከሉ እንዲታጠፍ ቢደረግ ወይም ከሳሎኑ ጥቂት ቦታ ቢወሰድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ሁሉም ችግር ግን ከስንፍና አይመነጭም፤ ከዕውቀት ማነስ የሚመጣም አለ። በይዞታ ማረጋገጫ ካርታችን ላይ የሚጻፉት የማዕዘን ኮኦርዲኔቶች ለአዲስ አበባ በምሥራቅ በኩል ወደ 470 ሺህ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ 1 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሜትር ናቸው። ነዳፊው ቤቱን በቀጥታ በዚያ ቦታ ላይ ሲነድፍ፣ ኮምፒዩተሩ የሚይዛቸው አኃዞች የተወሰኑ ስለ ሆኑ ጥቃቅኑ መስመር ይንቀጠቀጣል፤ የገጠሙ የሚመስሉ ግድግዳዎች ሳይገጥሙ ይቀራሉ፤ ክፍሉም ዝግ ስላልሆነ ስፋቱ አይሰላም። በሬቪት ከመነሻ ነጥቡ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ መንደፍ እንደማይገባ የተነገረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከይዞታው ማዕዘኖች አንዱን መነሻ አድርጎ ቤቱን በዚያ አጠገብ መንደፍ፣ የማዕዘኑንም እውነተኛ ኮኦርዲኔት በፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ መዝግቦ ማቆየት ነው። ካርታውን ዝም ብሎ ወደ ዜሮ ጎትቶ ያመጣ ሰው ግን ከንቅጥቅጡ ቢድንም ቤቱ ከድንበሩ ጋር ያለውን ዝምድና ያጠፋል።

የብራና ጸሐፍት አባቶቻችን አንድ ፊደል ሲሳሳቱ በስለት ፍቀው፣ ብራናውን አጽድተው፣ በዚያው ቦታ ትክክለኛውን ይጽፉ ነበር፤ ስሕተቱን ሳይፍቁ ሌላ ቀለም ደርቦ ማለፍ ለሥራው ክብር የማይገባ ነበረና። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚነድፈው ወጣት መፋቅ የማያደክመው፣ ብራና የማይባክንበት ዕድለኛ ሆኖ ሳለ፣ ከእነርሱ ያነሰ ትጋት ማሳየቱ ያሳዝናል።

ነዳፊውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ክፍያው ጥቂት ነው፤ ቀነ ቀጠሮው አጭር ነው፤ ባለቤቱም ፕላኑ ለፈቃድ ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው «መኝታ ቤቱን ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ» ብሎ ይደውላል። ቁጥሩን መለወጥ አንድ ደቂቃ፣ መስመሩን መለወጥ አንድ ሌሊት በሚፈጅበት ጊዜ ደካማው ኅሊና ወደ ቀላሉ ያዘነብላል። ስለዚህ የንድፍ ቢሮ ባለቤቶች በቢሮአቸው የልክ ቁጥርን በእጅ መተካት ፈጽሞ እንዲከለክሉ፣ ፕሮግራሙ ያወጣቸው ማስጠንቀቂያዎችም ሁሉ ተነብበው ሳይፈቱ ማኅተም እንዳይመቱ፣ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶችም ተማሪውን የሚያምር ሥዕል ከማውጣት አስቀድመው ይህን ሥርዓት እንዲያስተምሩት እለምናለሁ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለግንባታ ፈቃድ ፕላን እንዲቀርብ በደነገገ ጊዜ፣ የሚቀርበው ፕላን እውነተኛ እንደሚሆን አስቦ እንጂ ቁጥሩ ከመስመሩ የተጣላ ወረቀት እንዲጸድቅ አልነበረም።

አንተም ቤት ለመሥራት ያሰብህ፣ አንቺም ባለ ቤት የምትሆኚ አንባቢ፣ የፕላኑን የመጨረሻ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት እርሳስ ይዛችሁ በአንዱ ግድግዳ ላይ የተጻፉትን ትናንሽ ልኮች ደምሩና ከታላቁ ልክ ጋር አስተያዩ፤ የደረጃውን እርከኖች ቁጥርም በአንዱ ከፍታ አባዙና ከወለል እስከ ወለል ካለው ቁመት ጋር አመሳክሩ። ካልተካከለ ፕላኑን መልሱ፤ መስመሩ እስኪታረም ድረስም አትክፈሉ።