ከአሥሩ አንዱን ደብቁ



ሰሞኑን በሻይ ክበባችን አንድ ክርክር ሲፋፋም ሰነበተ። እጩ መምህራኑ ከማስተማር ልምምድ መመለሳቸው ነበርና ነገሩ የተነሣው ከፈተና ነው። ገሚሶቹ፣ «ፈተና መውጣት ያለበት ተማሪው በደብተሩ ከሠራው ጥያቄ ነው፤ ያላየውን ማምጣት ልጁን ማጥመድ ነው» ይላሉ። ገሚሶቹ ደግሞ፣ «ያየውንማ ከመለሰ ምኑን ተፈተነው?» ይላሉ። እኔም ሳዳምጥ ቆይቼ የበኩሌን አስተያየት በዚህ ጋዜጣ ላይ ለመስጠት ወሰንሁ። አስረጅ የማመጣው ግን ከፔዳጎጂ መጻሕፍት አይደለም፤ ብዙዎቻችን ከማንጠረጥረው ቦታ፣ የፕሮቲንን ቅርጽ ከሚመረምሩ ሳይንቲስቶች ዘንድ ነው።

በመጀመሪያ ሥራቸውን ባጭሩ እንመልከት። ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች የተቀጣጠለ ሰንሰለት መሆኑን በባዮሎጂ ተምረናል። ሰንሰለቱ እንዴት ተጠማዞ እንደታጠፈ ግን በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ ፕሮቲኑ እንደ ጨውና እንደ ስኳር ክሪስታል እንዲሠራ ያደርጉና የኤክስ ሬይ ጨረር ይለቁበታል። ጨረሩ ክሪስታሉን ሲመታ ይበተንና በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን ያሳርፋል፤ የአንዱ ነጥብ ድምቀት ከሌላው ይለያል። ጆን ኬንድሩና ማክስ ፔሩትስ በዚሁ መንገድ የማዮግሎቢንንና የሄሞግሎቢንን ቅርጽ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1962 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ዳሩ ግን ነጥቦቹ ፎቶግራፍ አይደሉም። ድምቀታቸው ይለካል እንጂ የቅርጹን ሙሉ መረጃ አይሰጡም። ስለዚህ ተመራማሪው መነሻ የሚሆን ሞዴል ይሠራል። ኮምፒዩተሩም፣ «ሞዴልህ እውነት ቢሆን ኖሮ ነጥቦቹ ይህን ያህል ይደምቁ ነበር» ብሎ ያሰላል። በተሰላውና በተለካው መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ሲገለጽ «አር» ይባላል። አር ባነሰ ቁጥር ሞዴሉና ልኬቱ ተስማሙ ማለት ነው። አተሞቹን እንዲያው በዘፈቀደ ቢበትኗቸው አር ወደ 59 በመቶ ይሆናል፤ በደንብ የታረመ ሞዴል ግን ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ፕሮግራሙ አተሞቹን በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ፣ እንደገና እያሰላ፣ ይህን ቁጥር ዝቅ ያደርገዋል። የሞዴል እርማት የሚሉት ይህንን ነው።

ታዲያ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ አተም ብዙውን ጊዜ አራት ቁጥሮች ይስተካከላሉ፤ ሦስቱ የአተሙን ቦታ፣ አራተኛው ምን ያህል እንደሚወዛወዝ የሚገልጹ ናቸው። እንግዲህ 1,000 አተም ያለው ፕሮቲን 4,000 የሚስተካከሉ ቁጥሮች አሉት ማለት ነው። ክሪስታሉ ደካማ ሆኖ የተለኩት ነጥቦች ጥቂት ከሆኑ፣ ፕሮግራሙ አንዱን አተም ወዲህ ሌላውን ወዲያ እያለ፣ ቅርጹ ስህተት እንኳ ቢሆን አርን ያሳምረዋል። ቅርጹን አላገኘውም፤ ነጥቦቹን ሸምድዷቸዋል። አዎን፣ ሸምድዷል ነው የምለው! ሽምደዳ የተማሪ በሽታ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተሩንም አንወቅሰውም፤ ቁጥሩን አሳንስ ተባለ፣ አሳነሰ።

መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረበው አክሰል ብሩንገር የተባለ ሳይንቲስት ነው። ዘዴው ቀላል ነው። እርማቱ ከመጀመሩ በፊት ከነጥቦቹ ከመቶ 5 ወይም 10 ያህሉ በዕጣ ተመርጠው ይደበቃሉ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በቀሩት ብቻ ነው። ከዚያ ሞዴሉ ባላያቸው ነጥቦች ይፈተናል፤ ውጤቱም «ነፃ አር» ይባላል። ሞዴሉ ትክክል ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ ከሸመደደ ይራራቃሉ።

ይህ ዘዴ ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ለማወቅ የሚሻ እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊድን ኡፕሳላ የተደረገውን ይመልከት። ጄራርድ ክላይቬግትና አልዊን ጆንስ፣ ሆን ብለው የአንድን ፕሮቲን ሰንሰለት ከጅራቱ ወደ ራሱ ገልብጠው ሠሩት። ከዚህ የባሰ ስህተት አይገኝም። በፕሮግራም ሲያርሙት ግን አር ወደ 21 በመቶ ወረደ! ይህን ብቻ ያየ ሰው እሰየው ብሎ ያሳትመው ነበር። ነፃው አር ሲታይ ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ አተም በዘፈቀደ ከመበተን አይሻልም። በደብተር ጥያቄ አንደኛ፣ ባልታየ ጥያቄ ባዶ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ተሰጥቶኝ ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ሳወጣ በሰሌዳ የሠራናቸውን ጥያቄዎች ቁጥር እንኳ ሳልለውጥ አቀረብሁ። ከሰማንያ በታች ያመጣ ልጅ አልነበረም። ርእሰ መምህሩ አመሰገኑኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነባር መምህር ቁጥሮቹን ብቻ ቀይረው ፈተኑልኝ። ከክፍሉ እኩሌታው ወደቀ። ሁልጊዜ ፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ወረቀቷን ይዛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደብተራችን ላይ የለም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያታለልኋት እኔ ነበርሁ፤ ሳታውቅ ታውቂያለሽ ብዬ ሰማንያ ሰጥቻታለሁ።

ስለዚህ «ያላየውን መጠየቅ ማጥመድ ነው» ለሚሉት ወገኖች መልሴ ይህ ነው። የተደበቁት ነጥቦች ከሌላ ክሪስታል አይመጡም፤ ከዚያው ከአንዱ ክሪስታል በዕጣ የተነሡ ናቸው። የእኛም የተደበቀ ጥያቄ ከዚያው ከተማረው ትምህርት ይሁን። ክፍልፋይ አስተምሮ አልጀብራ መጠየቅ በርግጥ ማጥመድ ነው፤ ክፍልፋይ አስተምሮ ሌላ ክፍልፋይ መጠየቅ ግን የመምህር ግዴታ ነው።

ሁለተኛም፣ የተደበቀ ነገር አንዴ ከታየ አይረባም። ተመራማሪው በተደበቁት ነጥቦች ሞዴሉን ቢያርም ነፃው አር ነፃነቱ ያከትማል። በፈተና ዋዜማ «ይህችን ገጽ ደህና አድርጋችሁ እዩ» የምንል መምህራን፣ እባካችሁ ይህን እናስብበት።

ሦስተኛም፣ ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን እንመዝግብ። የተለማመደውን 90፣ ያላየውን 85 ያመጣ ልጅ ገብቶታል። የተለማመደውን 90፣ ያላየውን 30 ያመጣውን ግን ሰነፍ ብለን አንስደበው፤ ልዩነቱ የሚናገረው ስለኛ አስተማመር ጭምር ነው።

ለመጪው የማስተማር ልምምድ ዝግጅት ላይ ያላችሁ ሠልጣኞች፣ የመልመጃ ጥያቄ ስታዘጋጁ ከአሥሩ አንዱን ለይታችሁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። የፈተናው ቀን ብቻ ይውጣ። አማካይ ውጤታችሁ ዝቅ ይል ይሆናል፤ ይበል። የምትሰጡት ማርክ ግን እውነት ይሆናል።

ከሳይንስ ትምህርት ክፍል አንድ መምህር